በዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ሾፌርን ስለሚይዘው ድንገተኛ ፍርሃት

ከደብረ ኤልያስ እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጆንያውና ስለ መኪናው ጎማ አስቀድሞ ይጠይቃል። ስለ ሾፌሩ ጤና የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰው ነገር ለሌሎችም ትምህርት እንዲሆን በማሰብ ይህን ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለብዙ ዘመን ያለ አደጋ ያሽከረከረ አንድ ሾፌራችን ስንዴ ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ በድንገት ልቡ በኃይል ይመታ ጀመር። ትንፋሽ አጠረው፤ ላብ አጠመቀው፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ «አሁን መሞቴ ነው» ሲል መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። ጭነቱም አንድ ቀን ዘገየ። የንግድ ቤታችን ባለቤት ነገሩን እንደ ስንፍና ቆጥረው ኪሣራው ከደመወዙ እንዲቀነስ አዘዙ፤ የቅጣቱን ደብዳቤ የጻፍሁትም እኔ ነበርሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ያው ሕመም ሲነሣበት ሾፌሩ ቅጣቱን ፈርቶ ሳይቆም ቀጠለ፤ መኪናው ከገደሉ አፋፍ ላይ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጥፋቱ የሾፌሩ ሳይሆን የእኛ መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «ፓኒክ አታክ» ይሉታል። ሰውነት አደጋ የደረሰበት መስሎት አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ሲለቅ ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል። ሰው ከመጠን በላይ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያንስ ራሱ ይዞራል፤ ጣቱና ከንፈሩ ይደነዝዛል። እርሱም ይህን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ፍርሃቱ በፍርሃት ላይ ይጨመራል። ይሁን እንጂ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሶ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ በራሱም የሚገድል አይደለም። አደገኛ የሚሆነው መሪ የጨበጠውን ሰው ሲይዘው ነው።

ሕመሙ የፈሪነት ምልክትም አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ያዕቆብ ዳ ኮስታ በ1871 እ.ኤ.አ. በጦርነት ላይ የዋሉ ወታደሮች የልብ መምታትና የትንፋሽ ማጠር እንደሚይዛቸው፣ ልባቸው ሲመረመር ግን ይህን የሚያስረዳ ጉዳት እንዳልተገኘባቸው ጽፏል።

የዓባይ በረሃ ደግሞ ለዚህ ሕመም የተመቸ ስፍራ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ ቢያሻሽልም ጠመዝማዛውንና ገደሉን አላስቀረውም። ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀት መውረድ፣ ያልተኙበት ሌሊት፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡናና ጫት በየራሳቸው ልብን ያስመታሉ፤ ያን ጊዜ ከዚህ በፊት የደነገጠ ሰው ሕመሙ የተመለሰበት ይመስለዋል።

ስለዚህ ሾፌሩ የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

1ኛ/ ፍርሃቱ ሲጀምር በድንገት ፍሬን አይርገጥ፤ ማርሹንም ነፃ አድርጎ አይልቀቅ። በከባድ ማርሽ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ከጠመዝማዛው ርቆ ሰፋ ባለ ስፍራ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ረዳቱም ከጎማው ሥር ታኮ ያድርግ፤ ለሌሎች መኪናዎችም ምልክት ያኑር።

2ኛ/ ከቆመ በኋላ በአፍንጫው በዝግታ እስከ አራት እየቆጠረ ያስገባ፤ እስከ ስድስት እየቆጠረ ያስወጣ። «ይህ ፍርሃት ነው፤ ያልፋል» ብሎ ለራሱ ይንገር። ሰውነቱ ሳይረጋጋ ጉዞውን አይቀጥል።

3ኛ/ ለማረጋጊያ ብሎ አረቄ አይቅመስ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የማስታገሻ ኪኒንም እንቅልፍ ስለሚያመጣ በመሪ ላይ ሞት ነው።

4ኛ/ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የልብ፣ የእንቅርትና የደም ማነስ ሕመሞች ተመሳሳይ ስሜት ስለሚያመጡ አስቀድሞ ይህ መመርመር አለበት። የደረት ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ «ፍርሃት ነው» ብሎ መዘግየት አይገባም። ጠበል መጠመቅ ለሚሻም ሐኪም መጠየቁ አይከለክለውም።

የመኪናው ባለቤት ድርሻ ግን ከዚህ ይበልጣል። ሾፌሩ «አሞኛል» ለማለት እንዳይፈራ ማድረግ፣ ሌሊት ነድቶ ያደረን ሰው ጧት ቁልቁለት እንዳያወርድ መከልከል፣ ስለ ቆመም ደመወዙን አለመቁረጥ የእርሱ ፈንታ ነው። በሌላ በኩል ሾፌሩን ለዘለቄታው ከመንገዱ ማራቅም ፍርሃቱን ያጸናዋል እንጂ አያድነውም፤ የሚበጀው ከሐኪም ምክር ጋር ጥቂት በጥቂት መመለስ ነው።

እኛም ቅጣቱን ሰርዘን ሾፌሩን አሳከምነው። ሐኪሙ ሲፈቅድለት በመጀመሪያ ባዶ መኪና እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ቀጥሎም በሉማሜ አድርጎ እስከ ደጀን ነዳ። ከዚያም በሌላ ሾፌር አጠገብ ተቀምጦ ዓባይን ደጋግሞ ወረደ፤ በመጨረሻም መሪውን ራሱ ያዘ። ፍርሃቱ አልፎ አልፎ ቢጎበኘውም ዛሬ የት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚያሳልፈውም ያውቃል። ሲቆምም ወደ ቢሮው ይደውላል፤ እኔም በመዝገቡ ላይ «ለዕረፍት ቆመ» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ «ዘገየ» ብዬ አልጽፍም።

የአንድ ሰዓት መዘግየት በሚቀጥለው ገበያ ይካካሳል፤ የሰው ሕይወት ግን በምንም አይካካስም። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ጭነት ከመላካቸው በፊት ጎማውን እንደሚያዩ ሁሉ ሾፌሩንም «እንዴት አደርህ? ተኝተሃል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁ በትሕትና እናሳስባለን።