የዳሌ መተካት ሥራና የአስመጪው ጥንቃቄ

የሕክምና ዕቃ አስመጪ የሐኪሙን ጥበብ ያውቅ ዘንድ አይጠበቅበትም። ሆኖም ዕቃው ለምን ሥራ እንደሚውል ሳይጠይቅ የሚያዝ ነጋዴ ገንዘቡን ያባክናል፤ ከዚያም በላይ ሕመምተኛውን ይጎዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ንግድ ቤት ለአንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አስመጥቶ ነበር። ጠረጴዛው በደኅና ደረሰ፤ ነገር ግን በጎኑ የሚተኛውን ሕመምተኛ የሚደግፉት መያዣዎች በፕሮፎርማው ላይ ስላልተጻፉ አልመጡም። ቀጠሮ የነበራቸው የዳሌ ሕሙማንም ሦስት ወር ጠበቁ። ፕሮፎርማውን አመሳክሬ ያሳለፍሁት እኔ ስለ ነበርሁ፥ ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ለነጋዴዎቻችን አቀርባለሁ።

ያረጀውን የዳሌ መገጣጠሚያ በብረት ራስና በፕላስቲክ ዋንጫ የመተካት ሥራ የተስፋፋው፥ እንግሊዛዊው ዶክቶር ጆን ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1962 ከጀመሩት ወዲህ ነው። ወደ መገጣጠሚያው የሚያደርሱት መንገዶች ግን ብዙ ናቸው፤ የሕመምተኛውም አተኛኘት በመንገዱ ይወሰናል።

በኋላ በኩል የሚገባ ሐኪም ሕመምተኛውን በደኅናው ጎኑ ያስተኛዋል። መንገዱ መገጣጠሚያውን በሰፊው ያሳያል፤ ነገር ግን ዳሌው ወደ ኋላ እንዳይወልቅ የተቆረጡትን ትናንሽ ጡንቻዎች መልሶ መስፋት ይገባል። በጎን በኩል የሚገባው ሕመምተኛውን በጎኑም በጀርባውም ሊያስተኛው ይችላል፤ የመውለቁ ሥጋት ቢቀንስም የጎኑ ጡንቻ ከፊሉ ስለሚነሣ አንዳንዱ ሰው ያነክሳል። በፊት በኩል የሚገባው ግን ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝቶ በጡንቻዎች መካከል ያልፋል፤ ሥራውንም እየሠራ በራጅ ለመመልከት ይመቸዋል። ለዚህም አንዳንዶች እግርን የሚስብና የሚያዞር ልዩ ጠረጴዛ ሲፈልጉ፥ ሌሎች በተራው ጠረጴዛ ይሠራሉ።

መያዣዎቹ ለምን ያስፈልጋሉ ቢባል፥ በጎኑ የተኛ ሰው ወገቡ ከፊትና ከኋላ ካልተደገፈ በሥራው መካከል ይንከባለላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ በትክክል ያኖርሁት የሚለው ዋንጫ ጠሞ ይቀራል። ሌዊኔክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1978 እንደ ጻፉት፥ ዋንጫው 40 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፥ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ዞሮ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የሚፈቀደውም ልዩነት ከ10 ዲግሪ አያልፍም።

እንግዲህ ባንኩ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከመክፈቱ በፊት አስመጪው ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በየትኛው በኩል ይገባሉ? ሕመምተኛው የሚተኛው በጎኑ ነው ወይስ በጀርባው? መያዣዎቹ የሚታሰሩበት የጠረጴዛው የጎን ብረት መጠኑ ስንት ነው? ይህ መጠን እንደ ተሠራበት አገር ስለሚለያይ፥ ያልጠየቀ ሰው መያዣውን ቢያስመጣም ላይገጥምለት ይችላል። መልሱም አንድ በአንድ በፕሮፎርማው ላይ ይስፈር፤ አንድ መስመር ጽሕፈት ሰውን ከሦስት ወር ሥቃይ ያድናልና።