የበግ ስብ በእጅ ይታወቃል

ገበያ ቀን ነው። ነጋዴው ወደ በጋችሁ ይጠጋል። እጁን ወገቡ ላይ ጣል ያደርጋል። ጫን ጫን ያደርገዋል። ላቱንም ከሥር አንሥቶ ይመዝነዋል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠራል። እናንተ ግን በጉን ስታዩት የከረማችሁት በዓይን ብቻ ነው። እሱ በእጁ ያወቀውን እናንተ ካላወቃችሁ፣ ክርክሩ እንዴት እኩል ይሆናል?

ዓይን በበግ ላይ ይታለላል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅም ነው፤ አጥንቱን ይሸፍናል። ሆዱ በሣር ሲሞላም የወፈረ ይመስላል። ጨው አልሶ፣ ውሃ አጠጥቶ ገበያ የሚያወጣም አይጠፋም። ያረገዘች በግ ሆዷ ሰፊ ነው፤ ጀርባዋ ግን አጥንት ሊሆን ይችላል። ሚዛንም ቢሆን ውሃውን፣ ፈርሱንና ግልገሉን አብሮ ይመዝናል።

ስለዚህ ዳስሱ። በጉ በደልዳላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም። አታስደንግጡት። ሲፈራ ጡንቻው ይጠነክርና እጃችሁን ያሳስታል። የመጨረሻውን ጎድን ፈልጉ። ከዚያ በስተኋላ ያለው ወገቡ ነው። አውራ ጣታችሁን አከርካሪው ላይ አድርጉ። ሌሎቹን ጣቶች ወደ ጎን ዘርጉ። ከአከርካሪው ወደ ጎን የወጡ አጫጭር አጥንቶች አሉ። ጫፋቸውን ፈልጉ።

አሁን ቁጥር ስጡት።

1 ከሲታ ነው። አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ጣት ከጎን አጥንቶቹ ሥር ያለ ችግር ይገባል። 2 ላይ አጥንቱ ይዳሰሳል፤ ጫፉ ግን ዶልዶም ነው። 3 ደህና ነው። አከርካሪው ለስለስ ይላል፤ የጎኑን አጥንት ለማግኘት ጠንከር አድርጎ መጫን ያሻል። 4 ላይ የጎኑ አጥንት ጫፍ ጨርሶ አይገኝም። 5 ጮማ ነው። በአከርካሪው ቦታ ጎድጎድ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል።

በራሳችሁ እጅ ተለማመዱ። ጡጫ ጨብጡና አንጓዎቹን ዳስሱ። ይህ 1 ነው። እጃችሁን ዘርጉና ጀርባውን ዳስሱ። ይህ ወደ 3 ይጠጋል። ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ደግሞ 5 ነው።

ነጋዴ በእጁ የሚያውቀውን በቁጥር መጻፍ የተጀመረው በውጭ አገር ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት ታትሞ ወጣ። በ1969 እ.ኤ.አ. ራስል፣ ዶኒና ገን የተባሉ ተመራማሪዎች በስኮትላንድ በጎች ላይ ፈተኑት። በጎቹን ዳስሰው ቁጥር ሰጡ። ከዚያ አርደው ስቡን ለኩ። የእጁ ቁጥር ከሚዛኑ ይልቅ ስለ ስቡ እውነቱን ተናገረ።

በእኛ አገር ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የደጋው በግ ስብ የሚያጠራቅመው በላቱም ነው። የሱማሌ ጥቁር ራስ በግ ደግሞ በመቀመጫው ላይ ያጠራቅማል። ስለዚህ ወገቡ 2 ሆኖ ላቱ ሙሉ የሆነ በግ ገና ስንቅ አለው። ወገቡም ከስቶ ላቱም ባዶ ቆዳ ከሆነ ግን ስንቁን ጨርሷል።

ለበዓል ገበያ የሚቀለብ ሙክት ቢሰባ ማን ይጠላል! ትልቁ ጉዳይ እናት በጎች ናቸው። በግ የምታረግዘው 5 ወር ያህል ነው። ግልገሉ በብዛት የሚያድገው በመጨረሻው ወር ተኩል ነው። በዚያ ጊዜ 1 የሆነች እናት ደካማ ግልገል ትወልዳለች። ወተትም ያንሳታል። ግልገሉ ብዙ ጊዜ ይሞትባታል። 5 የሆነችም ምጥ ይከብዳታል። ስትጠቃም ሆነ ስትወልድ 3 አካባቢ ብትሆን መልካም ነው።

ከ2 ወደ 3 ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ የመውለጃዋ ሰሞን አይጠበቅ። የከሱትን ለዩና ፉርሽካ፣ ፋጉሎ ወይም የቤት አተላ ጨምሩላቸው። 3 የሆነችው ከመንጋው ጋር ብትግጥ ይበቃታል።

በየወሩ ዳስሱ፤ በደብተርም ጻፉ። የበጓ ስም፣ ወሩና አንድ ቁጥር ይበቃል።

ቡላ፣ ጥር፣ 3።
ቡላ፣ መጋቢት፣ 2።

ቡላ በሁለት ወር አንድ ቁጥር ወርዳለች። ከሩቅ ሲያዩዋት ግን ያው ናት። ጠጉሯ አላጠረም፤ ሆዷም አልጎደለም።