በዘር ብዜት ውል የኮሚቴ አባላት የግል ጥቅም ሲኖራቸው ውሉ እንዴት ይጽደቅ?

መግቢያ

የስንዴ ምርጥ ዘር የሚያባዙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዘር ድርጅቶች፣ ከኮምባይነር ባለቤቶችና ከአጓጓዦች ጋር ይዋዋላሉ። ኮምባይነር በብዛት በሚሠራባቸው እንደ አርሲና ባሌ ባሉ አካባቢዎች የመሣሪያው ባለቤት የኮሚቴ አባል ወይም የአባሉ ወንድም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። በገጠር መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ጥቂት በመሆናቸው ከእነርሱ ጋር መዋዋል አንዳንድ ጊዜ የግድ ይሆናል። ጥፋት የሚሆነው ጥቅሙ ተሸሽጎ፣ ባለጥቅሙም በራሱ ጉዳይ ድምፅ ሰጥቶ ውሉ ሲጸድቅ ነው።

የጥቅም ግጭት ለምን ያሰጋል?

ኮምባይነር ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ሲሻገር በጎተራውና በወንፊቱ ውስጥ የቀረው እህል ከሚቀጥለው ማሳ ዘር ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ሁኔታ የተደባለቀ ዘር በምርመራ ሊወድቅና እንደ ተራ እህል ሊሸጥ ይችላል። የዓመት ድካም የሚባክነው በዚህ ነው። ስለሆነም ማኅበሩ መሣሪያው ወደ ዘር ማሳው ከመግባቱ በፊት በሚገባ እንዲጸዳ ይፈልጋል። የመሣሪያው ባለቤት ግን ክፍያው በኩንታል ከሆነ ለጽዳት የቆመበት ሰዓት ሁሉ ኪሳራው ነው። ባለቤቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢሆን መሣሪያውን «ቁም፣ ይጸዳ» የሚለው ማን ነው? የሚመሰክርለትም ዘመዱ ከሆነ ነገሩ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይሆናል።

የአጸዳደቅ ቅደም ተከተል

1. ማስታወቅ፦ አባሉ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም የንግድ ሸሪኩ ከውሉ የሚጠቀም ከሆነ በዋጋ ላይ ውይይት ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ያስታውቅ።

2. ዋጋ ማወዳደር፦ ቢቻል ከሌሎች ሁለት ባለመሣሪያዎች ዋጋ ይጠየቅ። ካልተገኙም ይኸው ይመዝገብ።

3. ከስብሰባው መውጣት፦ ባለጥቅሙ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ ከሰጠ በኋላ ይውጣ፤ ድምፅም አይስጥ። ለምሳሌ ሰባት አባላት ባሉት ኮሚቴ ሁለቱ ባለጥቅም ቢሆኑ የቀሩት አምስቱ ይወስናሉ። ባለጥቅሞቹ አራት ከሆኑ ግን የቀሩት ሦስቱ ከግማሽ በታች ስለሆኑ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባዔ ቢቀርብ ይሻላል።

4. ክትትሉን ለሌላ መስጠት፦ የመሣሪያውን ጽዳት የሚያይ፣ ሚዛን የሚቆጣጠርና ክፍያ የሚፈርም ሰው ባለጥቅሙ መሆን የለበትም። ይህ ከሁሉም በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ ምክንያቱም ውሉ በአግባቡ ቢጸድቅም ዘሩ የሚበላሸው በማሳው ላይ ነው።

5. ለአባላት ማሳወቅ፦ ውሉና የጸደቀበት ምክንያት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባዔ ይነበብ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባዔው ሲሆን የሥራ አመራር ኮሚቴውም ሆነ ቁጥጥር ኮሚቴው ተጠሪነታቸው ለእርሱ ነው።

የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ በደንቡ ይሠራ።

የቃለ ጉባዔ አጻጻፍ ምሳሌ

«የኮሚቴው አባል አቶ ... ለአጨዳ የቀረበው ኮምባይነር የወንድማቸው መሆኑን አስታውቀው ከስብሰባው ወጥተዋል። የቀሩት ... አባላት ከ... የቀረቡትን ዋጋዎች አወዳድረው በኩንታል ... ብር ተስማምተዋል። ኮምባይነሩ ከዘር ማሳው ውጭ ይጸዳል፤ ጽዳቱን የቁጥጥር ኮሚቴው አባል ... አይተው ሳይፈርሙ አጨዳ አይጀመርም።»

የልማት ሠራተኛው ድርሻ

የልማት ሠራተኛው ሥራ መምከር እንጂ መወሰን አይደለም። ከተዋዋዮቹ አንዱ ዘመዱ ከሆነ እርሱም ያስታውቅ። ቅደም ተከተሉን አጨዳ ሳይደርስ፣ ገና ውሉ ሲረቀቅ ለኮሚቴው ቢያስረዳ መልካም ነው። እህሉ ደርቆ ዝናብ ሲያስፈራ ዋጋ የሚያወዳድርም ሆነ መሣሪያ የሚያስቆም ኮሚቴ እንደማይገኝ ልናስታውስ እንወዳለን።