ለሙዚቃ ዲግሪ ባሕር መሻገር፦ ከቦዲቲ ሲታይ

ወላይታ ባለችው ቦዲቲ ከተማ ሙዚቃ የሚማር ልጅ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጣሊያን ወረራ ዘመን እነሱ ተባረሩ፤ ምእመኑ ግን በዛ፣ መዝሙሩም አብሮ በዛ። ዛሬ ከሶዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ከተማ ሙዚቃ የሚወድ ወጣት ወይ ኳየር ውስጥ ይዘምራል ወይ ኪቦርድ ይነካል።

ኪቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 61 ቁልፍ ነው፤ ሪትሙ ከፋብሪካ ተጭኖበት የመጣ። ዘማሪዋ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ስትል ልጁ ትራንስፖዝ የሚባለውን የቃና መቀየሪያ አንዴ ይጫንና ጣቶቹ በለመዱት ቦታ ይቀጥላል። ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር ሁለተኛው አዝማች ሳይደርስ ኮርዱን ያገኘዋል። ይህን ቀላል ችሎታ ነው የሚል ካለ ሞክሮት አያውቅም። ችግሩ ውጭ አገር የሙዚቃ ዲግሪ ለመማር ሲያመለክት ይመጣል። ፈታኞቹ የሚፈልጉት ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ላይ የተለማመደ እጅ ነው፤ በሁሉም ቃና ስኬል፣ ከባሕ ወይም ከሾፐን የተዘጋጀ ሥራ፣ ያላዩትን ኖታ እያነበቡ መጫወት፣ በዚያ ላይ የቲዎሪ ፈተና። ያቺ ትራንስፖዝ ያዳነችው ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል።

ከኢትዮጵያ ለሙዚቃ የተሻገሩትን ስንመለከት፣ በር የተከፈተላቸው ቀድመው ኖታና መሣሪያ ስለደረሳቸው፣ ወይም ከጀርባቸው የሚከፍል ቤተሰብ ወይም መንግሥት ስለነበረ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ጅማ ተወልደው በወጣትነታቸው ዌልስ የተላኩት ኢንጂነሪንግ እንዲያጠኑ ነበር። ሙዚቃው አሸነፈና በለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያም ቦስተን ወደሚገኘው ቤርክሊ ዘለቁ፤ የዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበሩ ይነገራል። ቤርክሊ በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። አሸናፊ ከበደ ደግሞ በ1962 ከአሜሪካው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው ተመለሱና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር ሆኑ። በ1967 «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለ ድርሰታቸውን በሃንጋሪ ኦርኬስትራ አስጫውተዋል፤ በኋላም በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል።

በሩ የተዘጋባቸውም አሉ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ቆይተውም ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው ነበር። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ፈቃድ በማጣት ቀረ፤ እሳቸውም መነኮሱ። ችሎታ ከነሙሉ ዝግጅቱ እያለ የአንድ ፈቃድ እጦት ሊያስቀረው እንደሚችል ለማሳየት የሳቸው ታሪክ ይበቃል።

ለእኔ ከሁሉም ይልቅ የሚነግረኝ የፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ መንገድ ነው። በ1967 አዲስ አበባ የተወለዱት ግርማ ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገቡ 16 ዓመታቸው ነበር፤ ለፒያኖ ተጫዋች የመሸ ዕድሜ ነው። ከዚያ በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ፣ ቡልጋሪያ፣ ተላኩ። የሶሻሊስቱ ሥርዓት ሲፈርስ ትምህርቱ ተቋርጦ ጣሊያን ገቡ፤ በኋላ ተመልሰው ጨረሱና አገራቸው መጥተው ያሬድ አስተማሩ። ያኔ ደርግ ከሶሻሊስት አገሮች ጋር በነበረው ወዳጅነት ወጣቱ በብዛት ይላክ ነበር፤ ከሐኪሙና ከመሐንዲሱ መካከል ሙዚቀኛም ይገኝ ነበር። ያ መስመር ሲዘጋ በቦታው ይህን ያህል ሰፊ ሌላ መስመር አልመጣም።

አሁን ያለው እንዲህ ነው። ቤርክሊ የአፍሪካ ተማሪዎችን የሚመለከት የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ አለው፤ ያለሱ ግን ክፍያው ብቻ በዓመት ከ45 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ኖርዌይ ነፃ ነበረች፤ ከ2023 ወዲህ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ታስከፍላለች። በጀርመን ብዙዎቹ የመንግሥት ሙዚቃ ኮሌጆች የትምህርት ክፍያ የላቸውም፣ በባደን ቩርተምበርግ ግን ለሴሚስተር 1,500 ዩሮ ነው። ክፍያ ባይኖርም ለቪዛ 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ይህን ገንዘብ በብር የሚያስበው ቤተሰብ ሸክሙ በወራት ውስጥ በእጥፍ ገደማ ከብዶበታል። ማሳ ላይ እንሰትና ቡና ለሚያለማ አባት ይህ ቁጥር አስልቶ የሚጨርሰው አይደለም። ሃንጋሪ የምትሰጠው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ክፍያውን ይሸፍናል፣ የወር አበልም አለው፤ በቡዳፔስት ያለው የሊስት አካዳሚም በውስጡ ነው። የፈተናው ደረጃ ግን ለማንም አይቀንስም።

ሌላ ያልተነገረ ነገር አለ። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሰሞን ዲንካና ዛዬ የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲነፉ አንዱ ነፊ ከዜማው ትንሽ ድርሻ ብቻ ይይዛል፤ ዜማው የሚሞላው ተራ በተራ እየተቀባበሉ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ የራሱን ድምፅ በትክክለኛዋ ቅጽበት ማስገባት፣ ሌላውን እያዳመጠ መጠበቅ የለመደ ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሆኖም በማመልከቻ ቅጹ ላይ ይህን የሚያስመዘግብበት ቦታ የለም፤ የኢትኖሙዚኮሎጂ ትምህርት ክፍሎችም በአብዛኛው ይህን የሚጠይቁት ከሁለተኛ ዲግሪ ጀምሮ ነው።

ስለዚህ የቦዲቲ ልጅ እንቅፋቱ ከቪዛው በፊት ይጀምራል። ግርማን ሶፊያ ያደረሳቸው ያሬድ ነው፤ ያሬድ ግን ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ እዚያ ለመግባትም ፈተና አለ። ሚስዮናውያኑ ከመጡ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ኳየሮቹ በጆሮ የሚያስተምሩትን ያህል ኖታ ቢያስተምሩ፣ ሶዶ ላይም ከያሬድ የተመረቀ አንድ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ትምህርት ቢሰጥ፣ ወጪው ከአንድ ተማሪ የጀርመን ዝግ ሒሳብ አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። ይህን ማንም ዶላር ሳይጠይቅ ሊጀምረው ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ አዳራሹም ተማሪውም አላቸው። አሁን ባለው ሁኔታ ግን ማመልከቻ የሚሞላ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው የተቃኘ ፒያኖ የት እንደሚገኝ መጠየቅ ነው፤ የፈተናውን ቪዲዮ የሚቀርጸው እዚያ ላይ ነውና።