የቤት ኢሜይል ሰርቨር የባዕድ መልእክት አስተላላፊ እንዳይሆን

የኢሜይል ሰርቨር ሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም ለቤቱ ሰዎች የተላከውን መልእክት መቀበልና እነርሱ የጻፉትን ወደ ውጭ መላክ ነው። ከውጭ የመጣውን ተቀብሎ ወደ ሌላ የውጭ አድራሻ ማድረስ ግን የእርሱ ተግባር አይደለም። ይህን ለማንም ሳይለይ የሚፈጽም ሰርቨር ክፍት አስተላላፊ ይባላል።

ነገሩ ቀድሞ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የኢሜይል ደንብ ሰርቨሮች እየተቀባበሉ እንዲያደርሱ የሚፈቅድ ሲሆን፣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት አልነበረውም። አይፈለጌ መልእክት የሚበትኑ ነጋዴዎች በሰው ሰርቨር መገልገል ስለ ጀመሩ፣ ሴንድሜይል የተባለው ፕሮግራም በ1998 በወጣው 8.9 እትሙ ካልተፈቀደ በቀር ማስተላለፍን የሚከለክል ሆነ።

ዛሬ በብዙ ቤት የሚሠራበት ፖስትፊክስም እንዲሁ ያደርጋል። ተቀባዩ የቤቱ ሰው ካልሆነ፣ ላኪውም በአድራሻው ወይም በይለፍ ቃሉ ካልታወቀ፣ እንደ አደረጃጀቱ 454 ወይም 554 የሚል ቁጥር ሰጥቶ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚነሣው በአድራሻ ማመን ላይ ነው። ብዙዎች በ192.168.1 የሚጀምረውን የቤት አድራሻ ሁሉ ከታመኑት መዝገብ ያገቡታል። ነገር ግን አንዳንድ ራውተር ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ አድራሻ በራሱ አድራሻ ለውጦ ያስገባል። ዘበኛው እንግዳውን የቤተ ሰቡን ጋቢ ለብሶ ሲገባ ቢያየው በምን ይለየዋል? የዚህ ምልክቱ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ጐብኚው ሁሉ የራውተሩን አድራሻ ይዞ መታየቱ ነው። ውሎ ሳያድር ሰርቨሩ ከጥቁር መዝገብ ይገባል፤ ከዚያም የቤቱ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ቢልክ፣ ምንም ሳያጠፋ ይመለስበታል።

ስለዚህ በእኛ አሳብ ከታመኑት መዝገብ ውስጥ ሰርቨሩ ራሱ፣ ማለት 127.0.0.1፣ ብቻ ይቅር። የቤቱ ሰዎችም ሳይቀሩ በ587 ፖርት፣ በተመሰጠረ መንገድ፣ የይለፍ ቃል እየሰጡ ይላኩ፤ 25 ለመቀበል ብቻ ይሁን። በእርግጥ የይለፍ ቃሉ ደካማ ከሆነ ሌባው በቁልፍ ከፍቶ ይገባል።

ፈተናው ከቤት ውስጥ ቢደረግ ዋጋ የለውም፤ ከውጭ መስመር መሆን አለበት። አንዳንድ የስልክ ድርጅቶች ወደ 25 የሚሄደውን ስለሚዘጉ፣ መስመሩ አልገናኝ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ተገናኝቶ፣ የባዕድ ላኪና የባዕድ ተቀባይ ስም ሰጥቶ፣ 454ን ወይም 554ን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።