የሚያረጀው ሶኬቱ፣ የሚከፈለው ለብረቱ

የሆም ቴአትር ሪሲቨርን ክዳን ፈትቶ ውስጡን ያየ ሰው የዋጋውን እንቆቅልሽ ግማሹን ፈቶታል። በአንድ ወገን የኃይል ትራንስፎርመሩ ተቀምጧል፤ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት ነው፣ ዕቃው ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝነውም በዋናነት በእሱ ምክንያት ነው። ከጎኑ ጎላ ጎላ ያሉ ሁለት ካፓሲተሮች፣ ቀጥሎ ሙቀት የሚያስተነፍሰው የአሉሚኒየም ክንፍና እሱ ላይ የተደረደሩት ትራንዚስተሮች ይታያሉ። ድምፁን አጉልቶ ለእስፒከሮቹ የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው። በሌላ ወገን፣ ከኋላው ቆርቆሮ ጋር ተጣብቃ አንዲት ስስ ቦርድ አለች፤ የኤችዲኤምአይ ሶኬቶቹም፣ የሚመጣውን ምልክት የሚፈቱት ቺፖችም ያሉት እሷ ላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የዛሬ 30 ዓመት ከነበረው ብዙም አልተለወጠም። ሁለተኛዋ ግን አምስት ዓመት በሞላት ቁጥር “ጊዜዋ አልፎበታል” ይባልባታል።

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑን፣ ማጫወቻውንና አምስት ወይም ከዚያ በላይ እስፒከሮችን አንድ ላይ የሚያስተዳድረውን ትልቁን ሳጥን ነው። “ዓ.ም.” ከተጻፈበት በስተቀር ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ አሮጌውን ሪሲቨር በአዲስ ልቀይር የሚል ሰው የሚፈልገው ቦርዷን ነው። የሚከፍለው ግን ለትራንስፎርመሩም፣ ለካፓሲተሩም፣ ለክንፉም ጭምር ነው፤ እነዚያ ደግሞ ቤቱ አሉት፣ አልተበላሹም። የበር ቁልፍ ስለተበላሸበት ቤቱን በሙሉ ደግሞ እንደሚገዛ ሰው መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው የተለያየ ሁለት ዕቃዎች በአንድ ሳጥን ተጠቅልለው ሲሸጡ፣ የጥቅሉን ዕድሜ የሚወስነው ቶሎ የሚያረጀው ነው። ሻጩ ይህን ያውቃል። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ “አሮጌው ሪሲቨር አልቋል” ብሎ ነው የሚያስበው፤ ያለቀው ግን አንድ ሶኬት ነው።

ሶኬቱ እንዴት እንደሚያረጅ እንመልከት። ኤችዲኤምአይ በ2002 መጨረሻ ወጣ። የ1.4 ስሪት በ2009፣ 2.0 በ2013፣ 2.1 በ2017፣ 2.2 ደግሞ በ2025 ተከተሉ። ከ2.0 ወዲህ ብቻ በሴኮንድ የሚያሳልፈው የመረጃ መጠን ከ18 ጊጋቢት ወደ 48፣ ከዚያም ወደ 96 ጨመረ። ቁጥሩ ማደጉ ባልከፋ፤ ችግሩ ሪሲቨሩ በመሃል የተቀመጠ መሆኑ ነው። በሰንሰለቱ ላይ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ካልተስማማ የምስሉ ጥራት ይወርዳል ወይም ምስሉ ጭራሽ አይመጣም። በ2013 እና በ2014 “4ኬ” የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው ከተሸጡት ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን የቅጂ መከላከያ አልያዙም ነበር። የፊልም ስቱዲዮዎቹ ደግሞ 4ኬ ፊልሞቻቸው ይህ መከላከያ በሌለበት መንገድ እንዳያልፉ ዘጉ። ሰዎቹ ለወደፊቱ ብለው የገዙት ዕቃ ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይ ያንን ወደፊት የሚዘጋ ሆነባቸው።

የኤችዲኤምአይን መሥፈርት የመሠረቱት ሂታቺ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ሲሊከን ኢሜጅ፣ ሶኒ፣ ቶምሰንና ቶሺባ ናቸው። ከሰባቱ አብዛኞቹ ቴሌቪዥን ይሸጡ ነበር። ለመሥፈርቱ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያ በአንድ ዕቃ የሳንቲም ጉዳይ ነው፤ ገዢው ላይ የሚያርፈው እውነተኛው ዋጋ ግን ደህና የሚሠራ ዕቃ ያለጊዜው መጣሉ ነው። ይህ ደግሞ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ቀድሞ መግዛትም ዋስትና አይሆንም። በ2020 መገባደጃ የ2.1 ሶኬት ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሪሲቨሮች ከዴነን፣ ከማራንዝና ከያማሃ ገበያ ላይ ዋሉ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ የተባለው የጌም ኮንሶል ሲሰካባቸውና ምስሉ በ4ኬ በሴኮንድ 120 ጊዜ እንዲታደስ ሲታዘዝ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ጥፋቱ የሦስቱም ኩባንያዎች ዕቃ ውስጥ የገባው ቺፕ ነበር። ዴነንና ማራንዝ በመሃል የምትሰካ ትንሽ ሳጥን በነፃ አደሉ፤ ያማሃ ቦርዱን በነፃ ለመቀየር ቃል ገባ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ አዲስ ሶኬት በወጣበት ዓመት ሪሲቨር የሚገዛ ሰው ለአምራቹ የፍተሻ ሥራ እየሠራ መሆኑን ነው። ያውም ከፍሎ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ፤ ማን መግዛት አለበት?

ፊልም የሚያየው በኔትፍሊክስና በመሰሎቹ ብቻ የሆነ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ስልኩም፣ ዲሹም፣ ማጫወቻውም ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል፤ ድምፁ ብቻ አርክ በሚባለው መንገድ በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ አሮጌው ሪሲቨር ይመለሳል። አርክ ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው፣ የከፍታ ድምፅ የሚጨምረው ዶልቢ አትሞስ እንኳ ተጨምቆ ስለሚላክ በአርክ ማለፍ ይችላል። ሪሲቨሩ ከዚያም የቆየ ከሆነ በኦፕቲካል ገመድ የ5.1 (የአምስት እስፒከርና የአንድ ባስ) ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ይደርሰዋል። ወጪው የገመድ ዋጋ ነው።

ዲስክ የሚሰበስበውስ? ሁለት የኤችዲኤምአይ መውጫ ያላቸው የ4ኬ ብሉሬይ ማጫወቻዎች አሉ። አንዱ ምስሉን ለቴሌቪዥኑ፣ ሌላው ድምፁን ለአሮጌው ሪሲቨር ይሰጣል። አሮጌው ዕቃ ስለ 4ኬ ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም።

የጌም ተጫዋቹ ጉዳይ ጠንከር ይላል። ከ2.1 ጋር የመጣው ኢአርክ ያልተጨመቀውንም ድምፅ ስለሚያሳልፍ፣ ኮንሶሉን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ድምፁን ብቻ ወደ ሪሲቨር መላክ ይቻላል። ነገር ግን ከበርካታ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ከአራቱ ሶኬቶች ፈጣኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ከሁለቱ አንደኛው ደግሞ ራሱ የኢአርክ ሶኬት ነው። ሪሲቨሩን እዚያ ስትሰኩ የሚተርፋችሁ አንድ ነው። ሁለት ዘመናዊ ኮንሶል ወይም አንድ ኮንሶልና አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ያለው ሰው የ2.1 ሪሲቨር ቢገዛ አልፈርድበትም። አንድ ብቻ ያለው ግን ለማይነካው ሶኬት እየከፈለ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን በሶኬት ሳይሆን በዋት ነው። ካርቶኑ ላይ “150 ዋት” ይላል፤ ትንሿን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ቻናል ብቻ ተከፍቶ፣ በ6 ኦም፣ በአንድ ድምፀት፣ መዛባቱ 10 በመቶ እስኪደርስ የተለካ ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን በ1974 ለዚህ ደንብ ያወጣው አምራቾች ቁጥሩን እንደፈለጉ ስለሚያሳብጡት ነበር። ደንቡ የመለኪያውን ሁኔታ ለአምራቹ ምርጫ ትቶት ስለነበር በ2024 እንደገና አጥብቆ አሻሽሎታል። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ ከ80 ወደ 100 ዋት መሄድ የሚጨምረው አንድ ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ ለመለየት ይቸገራል። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ከተፈለገ ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ለ20 ተጨማሪ ዋት 200 ዶላር የሚያስጨምረው ሻጭ የሚሸጠው ቁጥር ነው።

በእነዚህ ዓመታት በእርግጥ የተሻሻለው ነገር የክፍሉን ማስተጋባት የሚያርመው ሶፍትዌር ነው። ማይክሮፎን ይቀመጣል፣ ሪሲቨሩ ፉጨት መሰል ድምፅ ይለቃል፣ ከዚያ የእያንዳንዱን እስፒከር ርቀትና ጉልበት ያስተካክላል። ሲሚንቶ ግድግዳና ባዶ ወለል ባለው ሳሎን ልዩነቱ ከዋቱ ሁሉ ይበልጣል። ገበያውም ነቅቷል። ኦዲሲ የተባለው ማስተካከያ በሪሲቨሩ ዋጋ ውስጥ ቢኖርም፣ በዝርዝር ለመቆጣጠር የሚያስችለው የስልክ መተግበሪያ 20 ዶላር ገደማ፣ የኮምፒውተሩ ደግሞ 200 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ብረቱን ከቦርዷ ለይቶ መሸጥ አልፈልግም ያለው ኢንዱስትሪ፣ ሶፍትዌሩን ለይቶ መሸጥ ግን አላቃተውም።

የዋጋው መወደድም ምክንያት አለው። በጥቅምት 2020 በጃፓን ሚያዛኪ ግዛት፣ ኖቤኦካ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ ማይክሮዲቫይስስ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ከሚመልሱት ቺፖች ዋነኛ ምንጮች አንዱ እሱ ነበር። በኮሮናው የቺፕ እጥረት ላይ ይህ ተጨመረበት። የዴነኑ ኤክስ3700ኤች በ2020 በ1,199 ዶላር ወጣ፤ ተተኪው ኤክስ3800ኤች ሲመጣ 1,699 ዶላር ተለጠፈበት። እጥረቱ አልፏል፤ ዋጋው ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ምክንያቱም በዚያው ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ አነሱ። በ1946 የተመሠረተው ኦንክዮ የሪሲቨር ሥራውን ለአሜሪካው ቮክስና ለሻርፕ ሸጦ በ2022 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ቀረበ። በዚያው ዓመት ዴነንንና ማራንዝን የያዘውን ሳውንድ ዩናይትድ፣ ማሲሞ የተባለ የሕክምና መሣሪያ አምራች በ1.025 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የግዢው ዜና እንደተሰማ የማሲሞ አክሲዮን ከሲሶ በላይ ወደቀ። በ2025 ያንኑ ንብረት ለሳምሰንጉ ሃርማን የሸጠው በ350 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህ ለገዢው ምን ማለት ነው? ድሮ በየመከር አዲስ ሞዴል ይመጣና የአምናው ይራገፍ ነበር፤ “የአምናውን ግዛ” የሚለው ምክር ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ አንድ ሞዴል ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ቅናሹን መጠበቅ አሁንም ይበጃል፣ ነገር ግን የሚጠበቀው የሞዴል ቅያሬ ሳይሆን የበዓል ሰሞን ቅናሽ ወይም ፋብሪካው ራሱ አድሶ የሚሸጠው ተመላሽ ዕቃ ነው።

ለሚገዛ ሰው አንድ የምወተውተው ነገር ፕሪ-አውት የሚባሉትን መውጫዎች ነው። ለእያንዳንዱ እስፒከር የሚሆን ያልጎላ ድምፅ የሚወጣባቸው ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ ካሉ ማጉያውን ለብቻው አንዴ ገዝታችሁ፣ ቦርዷ ስታረጅ ሳጥኑን ብቻ ትቀይራላችሁ። አሮጌው ሪሲቨራችሁ የባለብዙ ቻናል አናሎግ ማስገቢያ ካለው እሱ ራሱ ማጉያ ሆኖ ያገለግላል። ቀዳዳዎቹን ለመሥራት የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው። አምራቾቹ ግን ከዝቅተኛው ሞዴል ያነሷቸውና ውድ የሆነው ላይ ይመልሷቸዋል፤ ያለ ቀዳዳዎቹ መኖር የማይችለው ደንበኛ ከፍ ያለውን ዋጋ እንዲከፍል። እኔ ከዋት፣ ከቻናል ብዛትና ከአዲስ ሶኬት ሁሉ አስቀድሜ የምከፍለው ለእነዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ገዢ ሒሳቡ ላይ ሦስት መስመር ይጨመራል። አንደኛው ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። ቀረጡ ሳይነሳ የ1,000 ዶላር ዕቃ ከመቶ ሺህ ብር አልፏል ማለት ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሪሲቨር ነው። ከኋላው “120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ” የሚል ጽሑፍ ካለው፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ያለው 220 ስለሆነ ኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያውም የሪሲቨሩን ሙሉ ፍጆታ የሚችል ከባዱን። ከዱባይ፣ ከእስራኤል ወይም ከአውሮፓ የሚላክ ይህ ችግር የለበትም። ሦስተኛው ጥገና ነው። ትራንዚስተርና ካፓሲተር ጥሩ ቴክኒሻን ይቀይራል። የተቃጠለ የኤችዲኤምአይ ቦርድ ግን በሙሉ ቦርድ ካልተተካ ዋጋ የለውም፣ ቦርዱ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ያቺን ቦርድ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅሎ መጠበቅ ከማንኛውም ዋስትና ይሻላል።

“ድሮ 2,000 ዶላር ከፍዬበታለሁ” የሚለው ሐሳብ ግን በየትኛውም ወገን ሚዛን ላይ አይውጣ። ያ ገንዘብ ሄዷል፤ ዕቃውን ለማቆየትም ለመጣልም ምክንያት አይሆንም። ሚዛን ላይ የሚወጣው አሮጌው ዛሬ የሚሰጣችሁ አገልግሎትና አዲሱ በላዩ የሚጨምረው ብቻ ነው። አትሞስን ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀሉትን ሁለት ወይም አራት እስፒከሮች፣ ገመዳቸውንና የአናጺውን ዋጋ ደምሩበት፤ እነሱ ከሌሉ አዲሱ ሪሲቨር ከአሮጌው የተለየ የከፍታ ድምፅ አያሰማችሁም።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ አሮጌው ሪሲቨር አርክ ካለውና ማጉያው ደህና ከሆነ በዚህ ዓመት አትቀይሩት፣ ገንዘቡን እስፒከር ላይ አውሉት። የግድ የምትገዙ ከሆነ ኢአርክና ፕሪ-አውት የሌለውን አትግዙ፤ የ2.2 ሶኬት አለኝ የሚለውንም ሌሎች ገዝተው እስኪሞክሩት ድረስ ተዉት።