መልእክቱ ደርሷልን?

ከመካከላችን አንዱ የየጁቤ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት አባቱ ጤፍ ሽጠው፣ እዚያው ካለው ባንክ 2,000 ብር አስገቡለት። እሱም አዲስ አበባ፣ ከመኝታ ቤታችን አጠገብ ወደቆመው የሌላ ባንክ ኤቲኤም ሄዶ ካርዱን አገባ። መኪናው ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ። ብሩ ሳይወጣ «ከሒሳብዎ 2,000 ብር ተቀንሷል» የሚል መልእክት በስልኩ መጣለት። ገንዘቡ የተመለሰለት በ9ኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ የሻዩንና የፎቶ ኮፒውን ዋጋ የከፈልነው እኛ ነን።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር የምናውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ ገንዘቡ በእነዚያ ቀናት የት ነበር ብለን መመርመር ጀመርን። ለካስ የጠፋው ገንዘቡ ሳይሆን አንድ መልእክት ኖሯል።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2001 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) 8 ኤቲኤሞችን በአዲስ አበባ ካቆመ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው መኪና እንደ ልብ አይሠራም ነበር። ባንኮቹን የሚያገናኘው ኢትስዊች በ2011 ተቋቁሞ በ2016 ሥራ ጀመረ። ዛሬ መኪናው «ይህን ያህል ቀንስ» የሚለውን ጥያቄ ለባለቤቱ ባንክ፣ ያም ለኢትስዊች፣ ኢትስዊችም ለልጁ ባንክ ያቀብላል።

የካርድ መልእክት በዓለም ላይ በአብዛኛው የሚመራው በ1987 በወጣው አይኤስኦ 8583 በሚባለው ደንብ ነው። ጥያቄው 0200፣ መልሱ 0210 ተብሎ ይታወቃል። እንግዲህ የልጁ ባንክ ብሩን ቀንሶ የላከው መልስ መንገድ ላይ ቢቀርስ? መኪናው የሚያውቀው መልስ አለመምጣቱን ብቻ ነው። ጥያቄው ሳይደርስ ቀርቶ ይሁን ወይም ደርሶ መልሱ ጠፍቶ ይሁን፣ ከቆመበት ሆኖ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ብሩን አይሰጥም፤ በባለቤቱ ባንክ በኩልም 0420 የተባለ የመሻሪያ መልእክት ይላካል፤ ማረጋገጫ እስኪመጣም ይደጋገማል። የተደጋገመው የፊተኛው ራሱ መሆኑ የሚታወቀው በላዩ በተጻፈው ባለ 6 አኃዝ መከታተያ ቁጥር ነው። ባንኩ ቁጥሩን አይቶ ሁለት ጊዜ ከመመለስ ይድናል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በባንኩ ውስጥ ያለው የሒሳብ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚነጋገረው በሌላ ደንብ ነው፤ «ደርሷል» የሚልበትም መንገድ የራሱ ነው። በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ፕሮግራም ይቆማል። የኛም ጥርጣሬ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በየጁቤ አገር የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር፤ ነጋዴዎች ከዚያ ተነሥተው ዓባይን እየተሻገሩ ወደ ጉድሩ ይዘልቁ ነበር። እንበልና አንድ ሰው ጉድሩ ላለው ወዳጁ «አምስት ፈረሱላ ቡና ላክልኝ» የሚል ደብዳቤ በነጋዴ እጅ ሰደደ። ነጋዴው ገና ከወንዙ ወዲህ ሳለ «አድርሻለሁ» ብሎ ቢልክና ደብዳቤውን ዓባይ ቢወስድበት፣ ላኪው አርፎ ይተኛል፤ ተቀባዩ ግን ምንም አልሰማም። ወይም ደብዳቤው ደርሶ ሳለ ነጋዴው ተጠራጥሮ በአዲስ ቀን ሌላ ቢያጽፍ፣ አሥር ፈረሱላ ይመጣል። አስተርጓሚው ፕሮግራምም መልእክቱን በማይጠፋ መዝገብ ሳያሰፍር «ደርሷል» ማለት የለበትም፤ የፊተኛውንም ቁጥር ሳይለውጥ ማሻገር አለበት። ይህን ካላደረገ በግራም በቀኝም ያለው ደንብ ተከብሮ ሳለ የተማሪው ብር ይሰወራል።

ይህ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በ2003 እነፉጂትሱ፣ ኦራክልና ሰን አንድ የአስተማማኝ መልእክት ደንብ አወጡ፤ በዚያው ዓመት እነአይቢኤምና ማይክሮሶፍት ሌላ አወጡ። ሁለቱም መልእክትን በቁጥር ይለያሉ፣ ይደጋግማሉ፣ ድርቡንም ይጥላሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይግባቡም። ኦአሲስ የሚባለው ማኅበር የመጀመሪያውን በ2004፣ ሁለተኛውን በ2007 አጸደቀ። ከዕውቀት ይልቅ የንግድ ፉክክር የወለደው ልዩነት ይመስለናል። በዚያው 2003 ጄፒ ሞርጋን ቼዝ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ኤኤምኪውፒ የሚባለውን ለማንም ክፍት የሆነ ደንብ ማዘጋጀት ጀመረ፤ እሱም በ2014 የአይኤስኦ ደንብ ሆነ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወንድም ወይም እኅት መኪናው የሚሰጠውን ወረቀት አይጣል፤ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። አቤቱታው የሚቀርበው መኪናውን ላቆመው ሳይሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። መኪናው ወረቀት ከከለከለ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ መያዝ ያሻል። የየጁቤው ወዳጃችን የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት የፈጀው በማይመለከተው ባንክ ደጃፍ ተሰልፎ ነው።